ቻርሊ ፖላርድና ስምንተኛው ዶክተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ በእኛ ነው። ሁለት መልሶች ገና ላልሰማ ሰው ታሪኩን ያፈርሱበታል፤ እነሱ ላይ «ያልሰማ ይዝለል» ብለናል።

ለመሆኑ ድራማው ምንድን ነው?

የ«ዶክተር ሁ» የድምፅ ድራማ ነው። ዶክተሩ ጋሊፍሬይ ከምትባል ፕላኔት የመጣ፣ ሰው የሚመስል ግን ሰው ያልሆነ የጊዜ ተጓዥ ነው። ሊሞት ሲል አካሉ ይለወጥና በሌላ መልክና በሌላ ጠባይ ይቀጥላል። ታርዲስ የሚላት ማሽኑ ከውጭ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ከውጭዋ እጅግ ይሰፋል። ቢቢሲ ተከታታዩን በ1963 ጀምሮ በ1989 አቆመው። በ1996 ፖል ማክጋን ስምንተኛው ዶክተር ሆኖ በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ታየ፣ ፊልሙም ሌላ ተከታታይ ሳያስከትል ቀረ። ቢግ ፊኒሽ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ከቢቢሲ ፈቃድ አውጥቶ ከ1999 ጀምሮ አዳዲስ ታሪኮችን በሲዲ ማሳተም ሲጀምር፣ ማክጋንም በጃንዋሪ 2001 «ስቶርም ዋርኒንግ» በተባለው ታሪክ ተመለሰ። በሥዕል እስከዚያ ድረስ አንድ ምሽት ብቻ የኖረ ገጸ ባሕርይ ዕድሜ ያገኘው በጆሮ ነው ማለት ነው።

አንድ ሰው የሚያነበው የድምፅ መጽሐፍ አይደለም። ተዋንያን፣ የድምፅ ማጀቢያና ሙዚቃ ያለው ሙሉ ድራማ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት»ን ይከታተል የነበረ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ እዚህ አንድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአራት ክፍል፣ በድምሩ በሁለት ሰዓት ገደማ ማለቁ ነው።

ቻርሊ ማን ናት?

ሙሉ ስሟ ሻርሎት ፖላርድ ነው፤ የምትጫወታት ኢንዲያ ፊሸር ናት። በ«ዶክተር ሁ» ወግ ከዶክተሩ ጋር የሚዞረው ሰው «ኮምፓኒየን» ይባላል፤ እዚህ የጉዞ ጓደኛ እንለዋለን። ቻርሊ የስምንተኛው ዶክተር የመጀመሪያዋ የድምፅ ድራማ የጉዞ ጓደኛ ናት።

የተወለደችው ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ ታይታኒክ የበረዶውን ክምር በገጨችበት ቀን ነው። ቀኑ እንዲያው ለጌጥ የገባ አይመስልም፤ በአንዱ ታላቅ መርከብ አደጋ ቀን ተወልዳ በሌላው፣ በአየር መርከብ አደጋ፣ የምትሞት ልጅ ነበረች። በ18 ዓመቷ ከሀብታም ወላጆቿ ቤት ጠፍታ፣ የወንድ አስተናጋጅ ልብስ ለብሳ፣ አር101 በተባለችው አየር መርከብ ላይ ተደብቃ ትሳፈራለች። ያሰበችው ሲንጋፖር መድረስ ነው። ራሷን «ኤድዋርዲያን አድቬንቸረስ»፣ የንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን ጀብደኛ፣ ብላ ትጠራለች። ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የሞቱት በ1910፣ እሷ ሳትወለድ ስለሆነ ሒሳቡ አይገጥምም። የ18 ዓመት ልጅ ኩራት ነው፣ ይለፍላት።

አር101 እውነተኛ ነበረች ወይስ ድርሰት?

እውነተኛ ነበረች፤ ታሪኩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ያሠራት 237 ሜትር የምትረዝም፣ በሃይድሮጅን የምትንሳፈፍ፣ አምስት የናፍጣ ሞተሮች ያሏት አየር መርከብ ነበረች። ኦክቶበር 4 ቀን 1930 ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ከካርዲንግተን ተነሣች። በግብፅ ኢስማኢሊያ ነዳጅ ሞልታ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕንድ ሥር ወደነበረችው ካራቺ ልትሄድ ነበር። ዝናብና ነፋስ እየመታት ሰሜን ፈረንሳይ ላይ ቦቬ አጠገብ ደረሰች፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ አፍንጫዋ ዘቅዝቆ መሬት ነካችና ተቃጠለች። ከ54 ሰዎች 48ቱ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ የአየር ሚኒስትሩ ሎርድ ቶምሰን ነበሩ። በጆን ሳይመን የተመራው አጣሪ ጉባኤ መርከቧን የጣላት ከፊተኞቹ የጋዝ ከረጢቶች ጋዝ ማምለጡ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ መስከረም 25 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ያን ሰሞን ለጥቅምት 23ቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ጉድ ጉድ ትል ነበር። ቻርሊ የየትኛው ዘመን ልጅ እንደሆነች በዓይነ ሕሊና ለመያዝ ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ድራማው የጨመረው ነገር በቀላሉ ይለያል፦ ከሌላ ዓለም የመጡት ትሪስኬል የተባሉ ፍጡራን፣ ጊዜን እየበላ የሚኖረው በራሪ አውሬ ቮርቲሶር፣ እና የሎርድ ቶምሰንን ቦታ የያዘው ሎርድ ታምዎርዝ የተባለ የፈጠራ ሚኒስትር። ቻርሊ አውሬውን ራምዚ ብላ የምትጠራው በጊዜው በነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር በራምዚ ማክዶናልድ ስም ነው።

ከየት ልጀምር? ቅደም ተከተሉስ ግድ ነው?

ግድ ነው። ሌሎች የ«ዶክተር ሁ» ታሪኮችን እንደ ቆሎ ከየትም ዘግኖ መቃም ይቻላል፤ የቻርሊን ግን አይቻልም። ዶክተሩ በመጀመሪያው ታሪክ የሚሠራት አንዲት ስሕተት ናት፤ ቀጣዮቹ ዓመታት በሙሉ የዚያች ስሕተት ዕዳ ናቸው።

መጀመሪያ «ስቶርም ዋርኒንግ» ነው። ከዚያ «ሶርድ ኦቭ ኦራዮን»፣ «ዘ ስቶንስ ኦቭ ቬኒስ»ና «ሚኑዌት ኢን ሄል» ይከተላሉ፤ እነዚህ አራቱ በ2001 የወጡት ናቸው። የ2002ቱ ስድስት ናቸው፦ «ኢንቬደርስ ፍሮም ማርስ»፣ «ዘ ቻይምስ ኦቭ ሚድናይት»፣ «ሲዝንስ ኦቭ ፊር»፣ «ኢምብሬስ ዘ ዳርክነስ»፣ «ዘ ታይም ኦቭ ዘ ዳሌክስ»፣ መዝጊያው «ኔቨርላንድ»። ከዚያ በ2003 መጨረሻ «ዛግሬየስ»፣ ወዲያው ደግሞ «ስከርጾ» ይመጣሉ። ከ«ስከርጾ» በኋላ ሦስተኛ ተጓዥ፣ ኮንራድ ዌስትማስ የሚጫወተው ክሪዝ፣ ይቀላቀላቸዋል። የስምንተኛው ዶክተርና የቻርሊ ጉዞ በዲሴምበር 2007 «ዘ ገርል ሁ ኔቨር ዎዝ» ላይ ይዘጋል። በቢግ ፊኒሽ ወርኃዊ ተከታታይ ውስጥ የሁለቱ ታሪኮች በድምሩ 27 ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ዛግሬየስ» የ40ኛ ዓመት በዓል ልዩ ዝግጅት ነው ሲባል ሰምቶ ከእሱ ሲጀምር ነው። ሦስት ሲዲ፣ አራት ሰዓት የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ የድሮዎቹን ዶክተሮች የተጫወቱ ተዋንያን በሌላ ገጸ ባሕርይ ይመጡበታል፣ «ኔቨርላንድ»ን ላልሰማ ደግሞ የመጀመሪያው ደቂቃ እንኳ አይገባም። ሰምተው ካቋረጡት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ተመልሰው በቦታው ይስሙት።

ሁሉንም ለመስማት ጊዜ የለኝም። የቱን ልዝለል?

ለአጭሩ መንገድ አምስት ታሪክ ይበቃል፦ «ስቶርም ዋርኒንግ»፣ «ዘ ቻይምስ ኦቭ ሚድናይት»፣ «ኔቨርላንድ»፣ «ስከርጾ»፣ «ዘ ገርል ሁ ኔቨር ዎዝ»። በ«ኔቨርላንድ»ና በ«ስከርጾ» መካከል ያለውን «ዛግሬየስ» ከዘለሉ ማወቅ የሚያስፈልግዎ አንድ ነገር ነው፦ ዶክተሩ በውስጡ የተሸከመው መርዝ አጽናፈ ዓለሙን እንዳይበክል ሲል ጊዜ ወደሌለበት ሌላ አጽናፈ ዓለም ራሱን ይሰድዳል፣ ቻርሊም ሳይፈቅድላት ተከትላው ትገባለች።

«ሚኑዌት ኢን ሄል»ን ያለ ጸጸት መዝለል ይቻላል። ማሌቦልጂያ በምትባል የፈጠራ የአሜሪካ ግዛት የሚካሄድ ነው፤ የእንግሊዝ ተዋንያን የዩናይትድ ስቴትስን የደቡብ ግዛቶች አነጋገር ሲያስመስሉ የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ እንኳ ይቆስላል።

«ዘ ቻይምስ ኦቭ ሚድናይት» ይህን ያህል የሚወደደው ለምንድን ነው?

የጻፈው ሮበርት ሺርማን ነው። ቦታው አንድ የሀብታም ቤት ማድቤት፣ ጊዜው የ1906 የገና ዋዜማ ሌሊት ነው። ሎሌዎቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ እኩለ ሌሊት ሲሞላ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የሞቱትም ምንም እንዳልሆነ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ስለ ገና ፑዲንግ የምትነገር አንዲት ተራ ዓረፍተ ነገር አለች፤ መጀመሪያ ሲሰሟት ታስቃለች፣ አምስተኛው ላይ ሰውነት ትወርራለች። ቃሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሰሚው ነው። በድምፅ ብቻ እንዲህ ማስፈራት ከባድ ሥራ ነው።

አንድ ማስታወሻ ለአማርኛ ጆሮ፦ ደወሉ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲመታ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ታሪኩ ደወል እያስቆጠረ ስለሚሄድ ይህን ካልያዙ አሥራ ሁለቱን ምት ሰምተው «መሸ ወይስ ነጋ?» ማለትዎ አይቀርም።

ቤቱ ከቻርሊ ጋር ያለው ግንኙነት የሚገለጠው በመጨረሻው ክፍል ነው፤ እዚህ አንናገረውም። «ስቶርም ዋርኒንግ»ን ያልሰማ ሰው ግን ያ ክፍል ግማሹ ያመልጠዋል።

ዕዳ የተባለው ምንድን ነው? (ያልሰማ ይዝለል)

ዶክተሩ ቻርሊን ከምትቃጠለው አር101 ያወጣታል። ታሪክ ግን እዚያ መሞቷን መዝግቧል። ድራማው «የጊዜ ድር» የሚለው ነገር አለ፤ የተፈጸመው ሁሉ እንደ ሸማ ድርና ማግ የተያያዘበት ነው። አንዱ ክር ሲመዘዝ ሸማው ወዲያው አይቀደድም፣ ቀስ እያለ ይተለተላል። ቻርሊ ሞታም ድናም ስለምትገኝ እሷ በቆመችበት ቦታ ሁሉ ድሩ ይሳሳል፤ ሊኖር የማይገባው ነገር ሁሉ ወደ ዓለም ሾልኮ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። በ«ኔቨርላንድ» ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቻርሊ ራሷ ዶክተሩን እንዲገድላት ትለምነዋለች። እሱም እምቢ ይላል፤ በእምቢታውም ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሱ ይወስደዋል።

የጊዜ ጉዞ ድርሰት ብዙውን ጊዜ አጣብቂኙን ለእንቆቅልሽነቱ ይጠቀምበታል። እዚህ አጣብቂኙ ሰው ነው፤ ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ሻይ ይጠጣል። ዶክተሩ እንቆቅልሹን መፍታት የሚችልበት ቀላል መንገድ ከመጀመሪያው አለ፤ መንገዱ እሷን መልሶ እሳቱ ውስጥ መክተት ነው።

«ስከርጾ»ን ጀመርኩት፣ ምንም አልገባኝም። ትክክል ነው የሰማሁት?

ትክክል ነው የሰሙት። ተዋንያኑ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ማክጋንና ፊሸር። ሁለቱ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ውስጥ ይወድቃሉ፤ አያዩም፣ ታርዲስ ጠፍታለች፣ ጊዜ የለም። የሚከተላቸው ፍጡር ከድምፅ የተሠራ ነው። እየቆየ የተያያዙት እጆቻቸው ይጣበቁና አንድ ሥጋ ይሆናሉ። በየክፍሉ መግቢያ ሙዚቃን ስለከለከለ አንድ ንጉሥ የሚነገር ተረት አለ፤ የማይገናኝ ቢመስልም አይዝለሉት።

እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል፦ በጆሮ ማዳመጫ፣ በጨለማ ክፍል፣ ክፍሎቹን ሳያቆራርጡ። ፍጥነቱን ወደ 1.5 ከፍ አድርገው የሚሰሙ ከሆነ እዚህ ላይ ይመልሱት፤ የታሪኩ ግማሽ ያለው በዝምታውና በትንፋሹ ውስጥ ስለሆነ ማፋጠኛው ያንን በልቶት ባዶ ንግግር ያስቀርልዎታል። ሚኒባስ ውስጥ አይሞክሩት።

ቻርሊ ከስድስተኛው ዶክተር ጋር እንዴት ተገናኘች? (ያልሰማ ይዝለል)

በ«ዘ ገርል ሁ ኔቨር ዎዝ» መጨረሻ ስምንተኛው ዶክተር ማስታወሱ ተዛብቶ ቻርሊ በፈቃዷ የተለየችው መስሎት ይሄዳል። እሷ ግን በ500,002 ዓመት ላይ ብቻዋን ቀርታለች። የታርዲስን ድምፅ ሰምታ «መጣልኝ» ስትል ከበሩ የሚወጣው ስድስተኛው ዶክተር፣ ኮሊን ቤከር ነው። ያው ሰው ነው፣ ግን ገና አያውቃትም። ከዚያ በኋላ በወርኃዊው ተከታታይ ያሉት ሰባት ታሪኮች፣ በ2008 ከወጣው «ዘ ኮንደምንድ» እስከ 2009ኙ «ብሉ ፎርጎትን ፕላኔት»፣ በተገለበጠ ወንበር የሚካሄዱ ናቸው፤ የወደፊቱን የምታውቀው የጉዞ ጓደኛዋ ናት፣ የምትደብቀውም እሷ። አንዲት ቃል ካመለጠቻት እነዚያ 27 ታሪኮች ሳይሆኑ ሊቀሩ ነው። በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ የላቀው ይህ ይመስለናል፣ ምንም እንኳ ሰባቱም እኩል ባይሠሩ።

ቴሌቪዥኑ ያውቃታል?

ያውቃታል። በኖቬምበር 2013 በወጣው «ዘ ናይት ኦቭ ዘ ዶክተር» በተባለ የሰባት ደቂቃ አጭር ፊልም ስምንተኛው ዶክተር ከመሞቱ በፊት የጉዞ ጓደኞቹን ስም ሲጠራ የመጀመሪያዋ ቻርሊ ናት። ቻርሊ በ2014 የራሷን ተከታታይ አግኝታለች፣ በ2022 ደግሞ ከማክጋን ጋር በአዲስ ቅጽ ተመልሳለች።

እንዴት ነው የሚገዛው? ከኢትዮጵያስ ይቻላል?

ከቢግ ፊኒሽ ድረ ገጽ አካውንት ተከፍቶ በካርድ ወይም በፔይፓል ይከፈላል። የቆዩት ታሪኮች ከአዲሶቹ ይረክሳሉ። በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ ተራ የኤቲኤም ካርድ አይሠራም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ከሌለዎት ዲሲ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በእርስዎ አካውንት ገብቶ በራሱ ካርድ ሊከፍልልዎ ይችላል። እዚህ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ ካርዱ ባለቤት ስልክ ስለሆነ፣ በዚያች ደቂቃ ስልኩ በእጁ መሆን አለበት። የሰዓቱን ልዩነት አስበው ይደውሉ።

አንዴ የተገዛው በአካውንትዎ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስልክ ቢጠፋ እንደገና ያወርዱታል። ሁለት ሰዓት ድምፅ በ128 ኪሎቢት ከሆነ 115 ሜጋባይት፣ በ320 ከሆነ 290 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዋይፋይ ያውርዱ።

ፋይሉ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ምንድን ነው?

ከሁሉ የሚበዛው ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ኤምፒ3ውን ከመረጡ በዚፕ የታጨቁ ብዙ ትራኮች ይደርሱዎታል። አንዳንድ ማጫወቻ ትራኮቹን በፊደል ተራ ስለሚደረድር ከ1 በኋላ 10፣ 11፣ 12 ያጫውትና ወደ 2 ይመለሳል። በጊዜ ጉዞ ታሪክ ይህ የሚያሳዝን ስሕተት ነው፤ ሰው ታሪኩ ሆነ ተብሎ የተዘበራረቀ ይመስለዋል። የማደባለቂያው (ሻፍል) ቁልፍ መጥፋቱን ይዩ፣ የፋይሎቹን ስም 01፣ 02፣ 03 እያሉ ይቀይሩ፤ ካልሆነም ኤም4ቢ የተባለውን ይምረጡ፤ እሱ በምዕራፍ የተከፈለ አንድ ፋይል ነው።

ዚፑን ስልክ ላይ ሲፈቱ ለጊዜው እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ 300 ሜጋባይት ላለው 600 ክፍት ይሁን፤ አለዚያ መሐል ላይ ይቋረጥና የመጨረሻው ክፍል ይጎድላል።

ሌላው፣ በአንድ ጆሮ ብቻ መስማት ነው። ድምፁ ስቴሪዮ ስለሆነ ተዋንያን ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አንደኛው የማዳመጫ ጆሮ ከሞተ ዶክተሩ ይሰማል፣ የምትመልስለት አትሰማም። በስልኩ የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ «ሞኖ» የሚለውን ቢያበሩት ሁለቱም በአንዱ ይመጣሉ።

እንግሊዝኛው ከበደኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

ከስር የሚነበብ ጽሑፍ የለውም፣ ስለዚህ ዘዴ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ክፍል ጭብጥ አስቀድመው ያንብቡ፣ የቀረውን አያንብቡ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ሁለት ጊዜ ይስሙ፣ ዓላማው የማን ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ይብቃዎ። ቻርሊ የምትናገረው የ1920ዎቹን የጨዋ ልጅ እንግሊዝኛ ነው፤ ቃል በቃል ሲያሳድዱ መንገዱ ይጠፋል፣ ስሜቷን ተከትለው ይሂዱ። የፊሸር ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ የእንግሊዝን «ማስተርሼፍ» የተከታተለ ሰው ተራኪዋን ያወቃት ይመስለዋል፣ እሷው ናትና።

በድምፅ ድራማ ውስጥ የጉዞ ጓደኛ ለምን ታስፈልጋለች?

ዓይን ስለሌለ። ቴሌቪዥን የሚያሳየውን እዚህ አንድ ሰው መናገር አለበት፤ ዶክተሩ ብቻውን ከሆነ ደግሞ የሚናገረው ለራሱ ነው። «ስቶርም ዋርኒንግ» ራሱ ሲጀምር ዶክተሩ ታርዲስ ውስጥ ብቻውን ያወራል፣ ሰሚውም ይጨንቀዋል። ቻርሊ ስትገባ ያ ጭንቀት ይለቃል፤ ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል፣ እኛም እናያለን።

ይህን የሚጽፉ ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ነው። ለምሳሌ፦

«ዶክተር፣ ተመልከት! በግራ በኩል ትልቅ የብረት በር አለ፣ ተከፍቷልም!»

እሱም ዓይን አለው፤ ለምን ትነግረዋለች? ሰሚው ወዲያው ተዋናይዋ ከወረቀት እንደምታነብ ይገባዋል። መረጃው ከጠብ ወይም ከፍርሃት ጋር ሲመጣ ግን አይታወቅም፦

«ቆይ፣ እንዳትነካው።»
«ምኑን?»
«መዝጊያውን። ጠዋት እኔው ነኝ የቆለፍኩት።»

በሩ አለ፣ ክፍት ነው፣ አንድ ሰው ገብቷል። የተገለጸ ግን ምንም ነገር የለም።

በአማርኛ ብንሠራውስ?

ቋንቋው ያግዛል። «ና» እና «ነይ» ብቻ በክፍሉ ውስጥ ወንድ ወይም ሴት መኖሩን ይናገራሉ፤ «እርስዎ» ማዕርግን ያሳያል። እንግሊዝኛ የማይችለውም ነገር አለ። ቻርሊ የወንድ ልብስ ለብሳ የገባችበትን ዓይነት ትዕይንት ያስቡ። አማርኛ በ«እኔ» ላይ ፆታ የለውም፤ «መጣሁ፣ ሠራሁ፣ ተሳፈርኩ» እያለች ስትናገር አንድም ግሥ አያጋልጣትም። አለቃው «አንተ ልጅ!» ይላታል፣ ሰሚው ያውቃል፣ አለቃው አያውቅም። ከዚያ ወዳጅዋ ደንግጦ «ተጠንቀቂ!» ይላል። አለቀ፤ በአንዲት ፊደል ተያዘች። እንዲህ ያለውን ጊዜ ለማስቀመጥ የክፍሉ መጨረሻ ጥሩ ቦታ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ገጸ ባሕርይ «1930» ብሎ ሲናገር ሰሚው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጆሮ አይለይም፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ቁጥሩን ትተው ክስተት ይስጡት፤ «ጃንሆይ ዘውድ ሊጭኑ አንድ ወር ሲቀራቸው» ቢሉ ማንም አይሳሳትም። ልዩነቱን እንደ ወጥመድ መጠቀምም ይቻላል፦ ከውጭ የመጣ የጊዜ ተጓዥ ሰባት ዓመት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሲወርድ።

ቤት ውስጥ ለመቅረጽ ምን ያስፈልጋል?

ቢግ ፊኒሽ እያንዳንዱን ተዋናይ በየራሱ ጠባብ ክፍል አድርጎ ይቀርጻል፤ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ አይገባም፣ አርትዖቱም ይቀላል። ቤት ውስጥ ይህን የሚተካው የልብስ ቁም ሣጥን ነው። በሩን ከፍተው ከማይኩ ጀርባና ከተናጋሪው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ፤ ጋቢ አንድ ድርብ ብቻውን አይበቃም፣ አራት እጥፍ ያድርጉት። ከአፍ እስከ ማይክ አንድ ስንዝር፣ ትንሽ ወደ ጎን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ» እና «ፐ» እንደ ጥይት ይፈነዳሉ። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢት ይቅረጹ። ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ (ኔጌቲቭ 6 ላይ) ይቁም፤ ጩኸት ባለበት ትዕይንት መጠኑን ቀንሰው ለብቻ ይቅዱት፣ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። በየክፍሉ 30 ሰከንድ ዝምታ ይቅዱ፤ ሲቆርጡ ክፍተቱን የሚሞሉት በእሱ ነው፤ አለዚያ ንግግሩ በቆመ ቁጥር ዓለሙ የጠፋ ይመስላል። ጽሑፉን በሰዓት መቁጠሪያ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ለ25 ደቂቃ ክፍል ንባቡ 20 ደቂቃ ላይ ካለቀ ልክ ነው፣ የቀረውን ድምፅና ሙዚቃ ይበላዋል።

ስለ ሰዎቹ ምርጫ አንድ ነገር ብቻ፦ ዓይንዎን ጨፍነው ይምረጡ። ሁለት የሚመሳሰሉ የወንድ ድምፆች በአንድ ትዕይንት ውስጥ ካሉ፣ የቱንም ያህል ቢተውኑ ሰሚው ይጠፋበታል።

የታርዲስን ድምፅ ወስጄ ብጠቀምስ?

አይቻልም፣ የቢቢሲ ንብረት ነው። አሠራሩን ማወቅ ግን ይቻላል። በ1963 ብራያን ሆጅሰን የተባለ የቢቢሲ የድምፅ ባለሙያ የእናቱን ቤት ቁልፍ ወስዶ የአንድ የተፈታ አሮጌ ፒያኖ ወፍራም ክሮችን ፈገፈገበትና በቴፕ አዛባው። እርስዎም ቁልፍ አለዎት። የክራርን ወፍራሙን ክር አላልተው ቁልፉን በርዝመቱ ቀስ ብለው ይጎትቱበት፣ ማይኩን ከገበቴው አንድ ጣት ያህል ያርቁት፣ የቀዱትን በግማሽ ፍጥነት ያጫውቱት፣ አንዱን ቅጂ ገልብጠው ከሌላው ላይ ይደርቡት። ክሩ ከተበጠሰ በጣም አጥብቀውታል።